ከመጨረሻው በፊት የሚሄድ አውቶቡስ

ትልቅ ከተማ ለማየት የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ምን እንደሚያይ ሳይሆን የት እንደሚያድር ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው የማስበው። ከተማ ቀን ቀን ደስ ይላል፤ ሱቁ፣ የሰዉ አለባበስ፣ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ የተጠራ ይመስል መጣደፉ፣ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይሰለችም። ሲመሽ ግን ከተማው ለባለቤቶቹ ይቀራል። እንግዳ ኮቱን ቆልፎ ወደ ትንሿ ሰፈሩ ቢመለስ ይሻለዋል። ትንሽ ቦታ ተኝቶ ትልቁን ቦታ ማሰብ ደግሞ እንዴት እንደሚጥም! ግማሹን በዓይናችሁ አይታችሁታል፤ የቀረውን ትራሳችሁ ይጨርስላችኋል።

እኔ ፈሪ አይደለሁም፤ ጠንቃቃ ነኝ። ባለቤቴ ብርቄ ይህን ስትሰማ የምትስቀውን ሳቅ በጽሑፍ ላሳያችሁ አልችልም። በር ከቆለፍኩ በኋላ ተመልሼ ገፋ አደርገዋለሁ፤ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀንም ጃንጥላ እይዛለሁ። ስለዚህ በደርግ ጊዜ ከክፍለ ሀገር ተዛውሬ ጎፋ አጠገብ ባለ ፋብሪካ የዕቃ ቤት ሥራ ስጀምር፣ የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ "መሀል ከተማ ቤት ፈልግ" እያሉኝ እኔ ላፍቶን መረጥኩ።

ላፍቶ ስላችሁ ፎቅና ታክሲ እንደሚታያችሁ አውቃለሁ። እባካችሁ ለጊዜው አንሱት። ያኔ ላፍቶ የጤፍ ማሳ ነበር። ጎፋ ላይ ከአውቶቡስ ትወርዱና ወንዙን ትሻገራላችሁ፤ ከዚያ የሽንብራውን እርሻ ዳር ዳሩን ይዛችሁ፣ አንድ ሁለት እሸት መንጨታችሁን ማንም ሳያይባችሁ ትደርሳላችሁ። እኛ ያረፍነው አዴ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ነበር። አዴ ጫልቱ ላሞቻቸውን እያለቡ ወተቱን ጎፋ ወስደው የሚሸጡ፣ ከጎፋ ወዲያ ግን ከተማውን ረግጠው የማያውቁ አሮጊት ነበሩ። ብርቄ አብረን እንሂድ ስትላቸው፣ "ከዚህ ሆኜ ይታየኝ የለም እንዴ? ምን ቀረኝ ብዬ ነው የምሄደው?" ይሉ ነበር።

ብርቄ ሲኒማ ትወዳለች። እሁድ ጠዋት ስብሰባ አለ፤ ስለ ስብሰባው ብዙ ባልናገር ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ግን የራሳችን ነበር። አውቶቡስ ይዘን መሀል ከተማ እንሄድና የህንድ ፊልም እንገባለን። የህንድ ፊልም ደግሞ እንደምታውቁት አያልቅም። ልጁ ይወለዳል፣ ይጠፋል፣ ያድጋል፣ ይዘፍናል፤ ዝናብ ይጥላል፣ እንደገና ይዘፍናል። በመጨረሻ ከእናቱ ጋር ሊተያዩ አንድ በር ብቻ ሲቀር፣ እኔ የብርቄን ክርን እነካለሁ።

"አውቶቡስ።"

"ትንሽ ቆይ!"

"ወንዙ ላይ ይመሽብናል። ጅብ አለ።"

"ጅቡም ቢሆን ይህን ፊልም ሳይጨርስ አይነሳም!"

እንነሳለን። ከኋላ፣ "ኧረ ጋረዳችሁን!" ይባላል። አንዱ ደንበኛ ሁልጊዜ ከጨለማው ውስጥ፣ "ጋሽ ጃንጥላ፣ ዛሬም ሳያገኛት ልትሄድ ነው?" ይለኛል። አዳራሹ ይስቃል። ብርቄ ሌላውን ሁሉ ትታገሳለች፤ ያቺን ሳቅ ግን አትታገስም።

ከጎፋ በኋላ ያለው መንገድ ግን፣ እሱን እንዴት ልንገራችሁ? ፀሐይዋ ወርዳ ጤፉ ላይ ትተኛለች። ከኋላችን ከተማው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኛም ጎን ለጎን እየሄድን ፊልሙን እንጨርሰዋለን። መጨረስም ግዴታችን ነበር፤ አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመው፣ "እህ፣ ልጄ! አገኛት?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርማ። እሳቸው በር ሳንደርስ መስማማት አለብን። እኔ በማበጀው መጨረሻ ማንም አይሞትም። ሽፍታው ይታረቃል፣ ልጁ ቋሚ ሥራ ያገኛል፣ የእናትየው ዓይን ይበራል፤ ሁሉም ሳይመሽ ቤቱ ይገባል።

"ፊልም ነው ወይስ የፋብሪካ ማስታወቂያ?" ትላለች ብርቄ። የእሷ መጨረሻ ብዙ እንባ አለው። ሽንብራው ጋ እንጨቃጨቃለን፤ የግቢው አጥር ቁልቋል ጋ ስንደርስ እንስማማለን።

አንድ ክረምት ግን ጭቃው ከበደ፤ ብርቄም መረራት። የአክስቷ ልጅ አልማዝ ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ የምትኖር ናት። ጎረቤቷ ያለ የቀበሌ ቤት ሊለቀቅ መሆኑን ነገረቻት።

"ታዬ፣ እኔም ሰው ነኝ" አለችኝ ብርቄ። "አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው ልይ። ከመስከረም በፊት ከተማ እንግባ።"

ላፍቶን መልቀቅ ማለት ለእኔ ያንን መንገድ መልቀቅ ነው። እምቢ እንዳልላት ደግሞ እውነቷን ነው። ብዙ አሰብኩና፣ "አንድ እሁድ አልማዝ ቤት እንደርና መጨረሻውን እንይ" አልኳት። "ካየሽው በኋላ ከፈለግሽ፣ ቃል አልመልስም፤ እንገባለን።"

ያኔ እንግዳ ሲያድር ለቀበሌ ይነገራል። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያድር ነበር። እኔ ግን ዝም ብዬ ላድር? ሄድኩ። በር ላይ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያጋደመ ተረኛ ጠባቂ ነበር።

"ለምን ጉዳይ ነው የምታድሩት?"

"የፊልም መጨረሻ ለማየት ነው፣ ጓድ።"

ትክ ብሎ አየኝ። ጃንጥላዬን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ። ከዚያ ጠጋ አለና፣ "ያ እናቱን የሚፈልገውን ነው?" አለኝ። "እኔም ግማሽ ላይ ለተረኝነት ተጠርቼ ቀረብኝ። ነገ ስታልፉ ትነግሩኛላችሁ።"

ገባን። አውቶቡሱ የሚሄድበት ሰዓት ሲደርስ እግሬ በራሱ ተነሳ፤ ብርቄ ኮቴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ጋሽ ጃንጥላ የሚለኝም ሰውዬ የሚያሾፍበት አጣ። በሩ ተከፈተ። ልጁ ገባ። እናቱ ሞታ ነበር። ጥቂት አለቀሰ፣ ጥቂት ዘፈነ፣ ከዚያ መብራት በራ። ሰዉ በሩ ላይ ተጋፋ፤ ከፊታችን ያለች ሴት ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈለገች። ለካስ መጨረሻ ማለት ይህ ነው።

አልማዝ ቤት አደርን። ጠዋት ስንወጣ ጠባቂው እዚያው ነበር፤ እንቅልፍ ዓይኑን አቅልቶታል።

"እህሳ? አገኛት?"

አፌን ስከፍት ብርቄ ቀደመችኝ። "አገኛት፣ ወንድሜ። ዓይኗም በራላት። ልጁ ደግሞ ቋሚ ሥራ አገኘ።"

"እሰይ!" አለ ጠባቂው፤ እንደ ዘመዱ ነገር ደስ አለው።

የሰኞውን ጠዋት ከፋብሪካው አስፈቅጄ ነበርና በቀጥታ ላፍቶ ሄድን። አዴ ጫልቱ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ነበሩ፤ ለእሳቸውም ያንኑ ነገረቻቸው፤ "ሁሉም ሳይመሽ ቤቱ ገባ" የሚለውን እንኳ አላስቀረችም። እሳቸው ወደ ላሞቻቸው ሲመለሱ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "የአልማዝን ሰፈር ቤትስ?" አልኳት።

"ከሲኒማ ቤት ጀርባ ቁጭ ብዬ በየሳምንቱ መብራት ሲበራ ልይ?" አለችኝና ጭቃ የያዘ ጫማዋን ልታጥብ ሄደች።

እንዲህ ሆኖ ላፍቶ ቀረን። አዴ ጫልቱ አርፈዋል። ጤፉም የለም፤ ሽንብራው በነበረበት ላይ ከቆመው ፎቅ የሚወጣ ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ መስኮታችን ላይ ይበራል። እኛ ወደ ከተማ ሄደን ሲመሽ እንመለስ ነበር፤ ከተማው ግን ወደ እኛ መጣና አልተመለሰም። እንግዳ ደንብ አያውቅም ብለን ዝም አልነው።

ማታ ማታ ፊልም በቴሌቪዥን እናያለን። ልጁ በሩን ሊከፍት ሲል ብርቄ ክርኔን ትነካኛለች።

"አውቶቡስ" ትለኛለች።

ጃንጥላዬን እይዝና ደጅ በረንዳው ላይ እንወጣለን። በሩን መቆለፌን አንድ ጊዜ ገፋ አድርጌ አያለሁ። ከዚያ ቁጭ ብለን እንጨቃጨቃለን።