በአንድ እጅ ለሚመዘዘው ሽጉጥ የታሰበው አፎት

ይህን የሚጽፈው እጅ የምራቴ ነው፤ የልጄ ሚስት። ቃሉ የእኔ ነው። እሷ የፋብሪካው ሰው አይደለችም፤ ስለዚህ የሚከፋው ካለ እሷን ትቶ እኔን ያናግር። የት እንዳለሁ ይታወቃል፤ በሩ ላይ ነኝ።

ቀን፦ ረቡዕ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን።

ሰዓት፦ ለስምንት ተጠርቶ ዘጠኝ ላይ ተጀመረ።

ቦታ፦ የሸራ ፋብሪካው ንብረት ክፍል፣ በጥቅል ሸራና በተሰበሩ ወንበሮች መሃል። አዳራሹ ስብሰባ ስለ መቀነስ በተጠራ ሌላ ስብሰባ ተይዞ ነበር።

የተገኙ፦

1. የአስተዳደር ኃላፊው፣ ሰብሳቢ። ክራባት ያደረገው እሱ ብቻ ነው።

2. የንብረት ክፍል ኃላፊው፣ አባል። ሰው ሁሉ «ቁልፉ» ይለዋል፤ ወገቡ ላይ የሚንጫጫው የቁልፍ ዘለላ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል።

3. የስፌት ክፍል ኃላፊዋ፣ አባል።

4. ከበሩ ፊት ለፊት የሚሠራው ጫማ ሰፊ፣ የቆዳ ባለሙያ ተብሎ የተጠራ። የፋብሪካው መታወቂያ ስለሌለው በመንገዱ መስኮት ጭንቅላቱን አስገብቶ ተካፍሏል። ግቢ ያላስገባሁት እኔ ነኝ። ደንብ ነው።

5. ዘበኛው፣ ጸሐፊ። ይኸውም እኔ።

ከአምስቱ አባላት አራቱ በሙሉ አካላቸው፣ አንዱ በጭንቅላቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ተባለ። በዚህ ሰዓት በሩን ማን ይጠብቃል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ በጫማ ሰፊው ጆሮ አጠገብ አሻግሬ እያየሁት ነበር።

የስብሰባው ምክንያት፦ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጥቷል። ዘበኛ የታጠቀውን ሽጉጥ በአንድ እጁ፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ካላወጣ ከበር ይነሳ ይላል። ቅዳሜ ሰዎች መጥተው ይፈትናሉ። ግራ እጄ፣ ጥቅል ሸራ ሲንከባለል ይዤ ካስቀረሁት ቀን ጀምሮ አይሠራም። ደብዳቤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም እጆቼ ደህና በነበሩበት በሃያ ስድስቱ የዘበኝነት ዓመት ውስጥ ስለ አንድ እጅ የጻፈልኝ አልነበረም።

ጸሐፊ ስለ መሰየም፦ ሰብሳቢው፣ «ጉዳዩ የራሱ የሆነ ሰው ቢናገር አድልዎ ይሆናል። ስለዚህ አባባ ጸሐፊ ይሁኑ። ጸሐፊ ይመዘግባል እንጂ አይናገርም» አለ። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ያውቃል። ሁሉም እጃቸውን አወጡ። የሰማሁትን እንደማልረሳ ግን የጠየቀኝ የለም፤ ስላልጠየቁኝ አልነገርኳቸውም።

አጀንዳ አንድ፦ የመሣሪያው ልክ

የስፌት ክፍል ኃላፊዋ ልክ የሌለው ነገር እንደማትሰፋ ገልጻ ሽጉጡ ይምጣልኝ አለች። ቁልፉ እንደማይቻል አስረዳ። ሽጉጡ ያለው በብረት ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ የሚወጣው ሌባ ሲገባ ነው። ሌባ ሲገባ ዘበኛው ማመልከቻ ያቀርባል፣ አስተዳደር ይፈርምበታል፣ ንብረት ክፍል ይከፍታል። ጥይቱ ደግሞ ሌላ ማመልከቻ ነው። ኃላፊዋ፣ «እስከዚያ ሌባው ምን ያደርጋል? ወረፋ ይይዛል?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው ተባለ።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን፦ እኔ በየቀኑ የምታጠቀው አፎቱን ነው። ሽጉጡ ሣጥን ውስጥ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ግን አያውቅም።

ቁልፉ የሽጉጡን ቁመት በሁለት እጁ እየለካ አሳየ። መጀመሪያ ስንዝር ተኩል ነበር፤ ሲጠየቅ ሁለት ሆነ፤ ደግሞ ሲጠየቅ፣ «ትልቅ ነው አልኩ እኮ!» ብሎ ተቆጣ። ጫማ ሰፊው በመስኮት፣ «ሽጉጥ ነው ወይስ አካፋ?» አለ። ሰብሳቢው ባለሙያው ሲጠየቅ ብቻ እንዲናገር አስጠነቀቀ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የስፌት ክፍሉ ትልቁ የሸራ መቀስ እጀታም አፍም ስላለው ሽጉጡን እንዲተካ፣ በዚህ ቃለ ጉባኤም «መሣሪያው» እየተባለ እንዲጠራ ተወሰነ። ኃላፊዋ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው። ሰብሳቢው ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ።

አጀንዳ ሁለት፦ አፎቱ የት ይሁን፣ በምን ይዘጋ

ሰብሳቢው ብብት ሥር ይሁን አለ፤ ፊልም ላይ ያየው እንደዚያ ነው። ኃላፊዋ ብብት ሥር ለማንጠልጠል በሁለቱም ትከሻ የሚያልፍ ማንገቻ ያስፈልጋል፣ አንድ እጅ ያለው ሰው ደግሞ ማንገቻውን ለብቻው አያጠልቅም አለች። ሰብሳቢው፣ «ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ያልብሳቸዋል» አለ። ጸሐፊው መናገር ስለተከለከለ ወንበሩን በእግሩ ገፋ። ድምፁ ተመዝግቧል።

ቁልፉ አፎቱ ቁልፍ ይኑረው፣ መክፈቻውም ንብረት ክፍል ይቀመጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኃላፊዋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እኛ በቀላሉ የሚወጣ እያልን ነው!» ብትለው፣ «በቀላሉ የወጣ ነገር በቀላሉ ይጠፋል፤ ስንት ዓመት ንብረት የጠበቅሁት በዚህ ነው» ብሎ መለሰላት። ሰብሳቢው ሁለቱን ለማስማማት አፎቱ በቀላሉ የሚከፈት፣ ነገር ግን ለመክፈት የሚያስቸግር ይሁን አለ። ይህ ሐሳብ በሁለት ድምፅ ድጋፍ አገኘ። ሁለተኛውም ድምፅ የሰብሳቢው ነው፤ የሰብሳቢ ድምፅ ድርብ ነው አለን።

ከዚያ ወሬው ወደ አዝራር ዞረ። ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞራ ዝግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የሸሚዝዎን አዝራር ማን ነው የሚቆልፍልዎ?» አለች። ጸሐፊ አይናገርም። ነገር ግን ሴት ልጅ በአክብሮት ጠይቃ ዝም አይባልም። «እኔ ራሴ። እንቢ ሲለኝ በጥርሴ» አልኳት።

ሰብሳቢው ይህን ጊዜ የደግነት ድምፅ አወጣ። «አባባ፣ ለምን ይለፋሉ? አትክልቱ ጋ ቢዛወሩ ይሻላል፤ ውኃ ማጠጫው ቀላል ነው፤ ጥላም አለው።» እኔም፣ «አበባው ሌባ አይዝም፤ እኔ ይዣለሁ፤ ስንት እንደሆኑ መዝገብህን እይ» አልኩት። ጸሐፊው ሥርዓት እንዲይዝ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ማስጠንቀቂያውን ራሱ መዝግቧል።

እዚህ ላይ ጫማ ሰፊው ሳይጠየቅ ተናገረ። ከዋልንበት ስብሰባ ውስጥ የሚረባው ይሄ ብቻ ስለሆነ እንዳለ ይጻፍ፦

«ችግሩ አዝራሩ አይደለም። አሮጌው አፎት ልፍስፍስ ነው፤ ስትጎትት አብሮህ ይነሳል። ታችኛውን ጫፍ የሚይዝ ሁለተኛ እጅ የሚፈልገው ለዚህ ነው። እናንተ እጁን የሚተካ ነገር አድርጉለት። ታችኛውን ጫፍ በጠፍር ከጭኑ ጋር እሰሩት። ቆዳው ደረቅና ወፍራም ይሁን፤ አፉ ሳይከደን ክፍት ይቁም። ከላይ አንዲት ማሰሪያ ትበቃዋለች፤ እሷም በአውራ ጣት ስትገፋ ቧ ብላ የምትከፈት። ቃታው ያለበት ቦታ ግን በቆዳ ይሸፈን፤ አለበለዚያ ሽማግሌው የገዛ እግሩን ይመታና ሌላ ኮሚቴ ትሰበሰባላችሁ።»

ከዚያ ሰብሳቢው ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም በመስኮት የመጣ በመሆኑ በበር በኩል በጽሑፍ እንዲቀርብ አሳሰበ። ኃላፊዋ የአጀንዳውን ወረቀት ከሰብሳቢው እጅ ነጥቃ፣ «ተወስኗል በል!» አለችው። ከረጅም ውይይት በኋላ ተወሰነ።

አጀንዳ ሦስት፦ ሙከራ

ኃላፊዋ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከድርብ ሸራ ለሙከራ የሚሆን አፎት ሰፍታ መጣች። ጫማ ሰፊው ከራሱ ሱቅ ጠፍር በመስኮት አቀበለ። ጭኔ ላይ ልታስርልኝ ነበር፤ እንቢ ብዬ አንዱን ጫፍ በጥርሴ ይዤ በቀኜ ራሴ አሰርኩት። ጊዜ ወስዷል። ሰብሳቢው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አይቷል።

«መሣሪያው» አፎቱ ውስጥ ገባ። ሰብሳቢው ሦስት ሰከንድ ሊቆጥር ፊቴ ቆመ። ፊት ለፊት አትቁም አልኩት። ጸሐፊ አይናገርም አለኝ። ዝም አልኩ።

«አንድ» አለ። ማሰሪያዋን በአውራ ጣቴ ገፋሁ። «ሁለት» ከማለቱ መሣሪያው ወጥቷል፤ አፎቱም ከጭኔ አልተነቃነቀም። የሰብሳቢው ክራባት ግን አጥሯል። የተቆረጠው ቁራጭ ተለክቶ አንድ ስንዝር ሆኖ ተገኘ። ጫማ ሰፊው በመስኮቱ እየሳቀ፣ «የቁልፉ ስንዝር ነው ወይስ የሰው?» ብሎ ጠየቀ።

ከረጅም ውይይት በኋላ አፎቱ በአንድ እጅ እንደሚመዘዝ፣ ዘበኛው ከተፈቀደው ሰከንድ አንዱን እንዳተረፈ፣ አፎቱ ለቅዳሜ በቆዳ እንዲሠራ ተወሰነ። ክራባቱን በተመለከተ ውሳኔ አልተሰጠም።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ጫማ ሰፊው፣ «ቆዳ እንደ ሸራ አይደለም። ይርሳል፣ በራሱ በሽጉጡ ላይ ይወጠራል፣ እዚያው ይደርቃል። በመቀስ ከወጠርኩት የመቀስ አፎት ነው የምሰጣችሁ። ሽጉጡን አሳዩኝ» አለ።

ቁልፉ አይቻልም አለ። ለቅዳሜው ፈተናም ቢሆን መቀሱ ይበቃል አለ። ኃላፊዋ፣ «ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡትን ሰዎች በመቀስ ልትቀበላቸው ነው?» አለችው። ከዚያ ቁልፉ ሣጥኑ የሚከፈተው በሁለት መክፈቻ ነው፣ አንደኛው ሰብሳቢው ጋ ነው አለ። ሰብሳቢው አንተ ጋ ነው አለ። እኔ ተነሳሁ። «ሽጉጡ የእኔ ትጥቅ ከሆነ እኔ ልየው። ቅዳሜ ከበር የምነሳው እኔ ነኝ፤ እናንተ አይደላችሁም» አልኩ። በዚህ ጊዜ ጸሐፊ አይናገርም ያለኝ የለም።

መክፈቻዎቹ ሁለቱም ከቁልፉ ወገብ ተገኙ።

ሣጥኑ ተከፈተ። ውስጡ አቧራ፣ አንድ የደረቀ የቀለም ማኅተምና አንዲት ወረቀት ነበሩ። ሰብሳቢው ወረቀቷን ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀምሮ እየቀነሰ ጨረሰ። «ሽጉጡ ለጥገና ተልኳል» ትላለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት። የላከው ቁልፉ፣ የፈቀደው ሰብሳቢው። ፊርማቸው ጎን ለጎን ነው።

ኃላፊዋ ጥቅል ሸራ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ። ቁልፉ፣ «እኔ እኮ ይመለሳል ብዬ…» ብሎ አልጨረሰውም። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዘጠኝ ዓመት በዚያ በር ላይ፣ በዝናብም በፀሐይም፣ ሌባ ሲመጣ ማመልከቻ አቀርብበታለሁ ያልኩት ሣጥን ባዶ ነበር።

ሰብሳቢው ይህ እንዳይመዘገብ ጠየቀ። እንዳይመዘገብ መጠየቁ ተመዝግቧል።

ማጠቃለያ ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ይህኛው በእውነት ረጅም ነበር፣ የሚከተለው ተወሰነ። አንደኛ፣ ከአጀንዳ አንድ እስከ ሦስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል፤ የመሣሪያው ልክ፣ የአፎቱ ቦታ፣ ጠፍሩም ማሰሪያውም። ሁለተኛ፣ አዲስ አፎት አይሠራም። ሦስተኛ፣ የቅዳሜው ፈተና እንዲቀር ለዋናው መሥሪያ ቤት ይጻፋል፤ ደብዳቤውም «ዘበኛው ሽጉጡን ከአፎቱ በማውጣት ረገድ ችግር እንደማይገጥመው ኮሚቴው በሚገባ አረጋግጧል» ይላል። ሰብሳቢው እዚያው ፈረመበት። ሐሰት ስላላገኘሁበት አልተቃወምኩም። አራተኛ፣ ዘበኛው በበሩ ላይ ይቀጥላል። አምስተኛ፣ ኮሚቴው ፈርሷል፤ እንዳልተሰበሰበም ይቆጠራል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተንን። ሰብሳቢው እስከ በሩ ተከትሎኝ መጣ። «አባባ፣ ለማንኛውም፣ ቃለ ጉባኤ ካስጻፉ አራተኛውን አጀንዳ ያውጡት፤ አደራ» አለኝ። «ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። አራተኛው የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አልኩት።

አሁን ምራቴ፣ «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ይጻፍ?» ትለኛለች። ጻፊ። ይሄንንም ጨምሪበት፦ በዘጠኙ ዓመት ከዚያ ግቢ አንዲት ክር በሕገወጥ መንገድ አልወጣችም። ያቆማት ሽጉጥ አይደለም። እኔ ነኝ።

በይ፣ ብዕሩን አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። አንድ ቃል ብትዘዪ አውቅብሻለሁ። ሁሉም ካለበት ነው አውራ ጣቴን ቀለም የማስነካው።