«ነይ በወንዙ» ወይስ «ነይ በመስኩ»፦ ሚኒባስ ውስጥ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ አሥር ሰዓት ላይ የተጀመረ።

ቦታ፦ የሹፌሩ ሚኒባስ። አናጢው ታናሽ ወንድሙ ቤት፣ ኤሌክትሪሻኑም ታላቅ ወንድሙ ቤት «እግሬን አላስገባም» በማለታቸው መኪናው ከሁለቱ በሮች መሃል ቆሟል።

የተገኙ፦ ሰብሳቢዋ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪና የሁለቱ ወንድማማቾች አክስት (ጋቢና)፤ ሹፌሩ (መሪው ላይ)፤ አናጢው (የመጨረሻው ወንበር)፤ ኤሌክትሪሻኑ (በሩ ጋ፣ አንድ እግሩ ውጭ)፤ ጸሐፊዋ ፋርማሲስት (መሃል ወንበር)።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ኤሌክትሪሻኑ «በግማሽ ብቻ መገኘቴ ይያዝልኝ» ስላለ ተይዟል።

አጀንዳ 1፦ የዘፈን ቡድናችን የሚያጠናበት የድሮ ቅጂ ስለማግኘት

ሹፌሩ ሳምንቱን ሙሉ ስልኩ ላይ የድሮ የሕዝብ ዘፈን ሲያፈላልግ መሰንበቱን ገልጾ ያገኘውን አሰማ። የኪቦርዱ ሙዚቃ ዘፋኙን ስለዋጠው አንድ ቃል እንኳ መለየት አልተቻለም። ሰብሳቢዋ ይህ ዘፈን ነው ወይስ የበር ደወል ሲሉ ጠየቁ። ሹፌሩ ብዙ ሰው እንደወደደው ቢያስረዳም፣ ከሰፊ ውይይት በኋላ ከስልኩ እንዲያጠፋው ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ቡድኑን ለሁለት ስለከፈለው ዘፈን

ወንድማማቾቹ ከሟች አባታቸው የተማሩትን ዘፈን ለቡድኑ ግማሽ ለግማሽ ተካፍለው አስተምረዋል። ቡድኑ ባለፈው ወር መድረክ ላይ ሲወጣ አናጢው ያስተማረው ግማሽ በዘፈኑ የምትጠራውን ልጅ «ነይ በወንዙ» ሲላት፣ ኤሌክትሪሻኑ ያስተማረው ግማሽ «ነይ በመስኩ» አላት። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ወንድማማቾቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም።

ሰብሳቢዋ አባትየው ዘፈኑን በካሴት ቀድተውት እንደነበር አስታወሱ። ካሴቱ አናጢው ኪስ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። የመኪናው ቴፕ ግን ተበላሽቷል፤ መጠገን የሚችለው ደግሞ ኤሌክትሪሻኑ ነው።

አናጢው «እትዬ፣ ይጠግን እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለ። ኤሌክትሪሻኑ ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ «እትዬ፣ ሰምቻለሁ በዪልኝ» ሲል መለሰ። ሰብሳቢዋ እኔ የስልክ እንጨት አይደለሁም ብለዋል። ቴፑ ተጠገነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ አሰማሙ ሥርዓት

አናጢው ካሴቱ የእሱ ስለሆነ ሲከፈት ኤሌክትሪሻኑ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ እንዲይዝ ጠየቀ። ኤሌክትሪሻኑ ድምፁ የሚወጣው እሱ በጠገነው ቴፕ ስለሆነ ጆሮ መያዝ ያለበት አናጢው ነው በማለት ተቃወመ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱም ጆሯቸውን እንዲይዙ፣ የተሰማውን ሹፌሩ እንዲነግራቸው፣ የተሸነፈውም ቃል ከቡድኑ አፍ ለዘለዓለም እንዲወጣ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

ካሴቱ ተከፈተ። የሁለቱም ጣቶች ወዲያው ላላ ማለታቸውን ጸሐፊዋ ታዝባለች።

በመጀመሪያ እሽ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ የአባትየው ድምፅ መጣ፦ «ነይ በወንዙ...»

አናጢው «ይኸው!» ብሎ ሲነሳ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ተጋጨ። ኤሌክትሪሻኑ ሁለተኛውንም እግሩን አወጣ። ሊሄድ ሲል ካሴቱ ውስጥ አንድ ሕፃን እሪ አለ።

«አባዬ፣ ወንዙ ይወስዳታል!»

ከፍ ያለ ልጅ ድምፅ ተከተለ፦ «ዝም በል! እየተቀዳ እኮ ነው!»

«ተው፣ አትቆጣው» አሉ አባትየው። «እሺ የኔ ጌታ፣ አታልቅስ። በሌላ በኩል እንጠራታለን።» ዘፈኑን እንደገና ጀመሩት፤ «ነይ በመስኩ...»። ሕፃኑ አሁንም ይነፈርቃል። ከፍ ያለው ልጅ ሊያባብለው አብሮ መዝፈን ጀመረ፤ እሱም «በመስኩ፣ በመስኩ» እያለ፣ ከዜማው ወጥቶ፣ ባለ በሌለ ድምፁ። በመጨረሻ ሕፃኑ ሳቀ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ጠረጉ።

አናጢው በሰብሳቢዋ በኩል ሳያልፍ እንዲህ አለ፦ «ይሄ የተቀዳው ጎርፍ ድልድዩን በወሰደበት ክረምት ነው። ውኃ በሕልምህ እየመጣ ታስቸግረን ነበር። እኔ... ረስቼው።»

«እኔም ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም ነበር» አለ ኤሌክትሪሻኑ። ሁለቱንም እግሩን አስገብቶ በሩን ዘጋ። ሄዶም ወንድሙ አጠገብ ተቀመጠ። «አንተ ግን ያኔም ድምፅህ ያስጠላ ነበር።»

ሰብሳቢዋ ይህ እንደ ስድብ ይያዝ ወይ ብለው ጠየቁ። ወንድማማቾቹ በሳቅ መተንፈስ አቃታቸው። ካሴቱ እንደገና እንዲከፈት የቀረበው ሐሳብ ያለ ውይይት ጸደቀ፤ ሦስት ጊዜም ጸደቀ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ሹፌሩ ግራ መጋባቱን ገልጾ «ታዲያ ልጅቷን በየት በኩል እንጠብቃት?» ሲል ጠየቀ።

ሰብሳቢዋም «እሷ ትምጣ እንጂ!» አሉ።

ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ከዚህ ውሳኔ ጋር ተዘግቷል፦ ጆሮ መያዝም፣ ቃል ማስወጣትም፣ ሹፌሩ ስልኩ ላይ ያለውን ማጥፋቱም፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ልጅቷ በመጀመሪያው ዙር በወንዙ፣ በሁለተኛው በመስኩ ትጠራ። የፈራ ካለ ከመስኩ ይጀመርለት።