ቀዩን ጥረግልኝ

እንግዳ እየመጣበት ደጁን የማይጠርግ ሰው በአገራችን ካለ ጠቁሙኝና ሄጄ ልየው። እኛ ጎጃሜዎች እንግዳ መጣ ከተባልን ግቢውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትን ደጅ፣ መሰላል ቢገኝ ሰማዩንም እንጠርጋለን። የታመመው እንኳ እንግዳ ሲገባ ከአልጋው ተነስቶ «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል። ደኅና ነኝ ባለ በሳምንቱ የቀበርነው ስንት ነው!

እኔ የሠፈራችን የውሃ ፓምፕ ዘበኛ ነኝ። ከደብረ ኤልያስ መንገድ ገባ ብሎ ያለ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱን ካላመናችሁ ድንጋይ ጣሉበት፣ ድምፁን የልጅ ልጃችሁ ይሰማዋል። ፓምፑ አንድ ቀን ቢሠራ ሳምንት ይተኛል። አጠገቡ ይህንን የሚመዘግብ ኮምፒውተር አለ፤ ውሃ ሲወጣ አረንጓዴ፣ ሲቆም ቀይ ይጽፋል። እኔ ትምህርት ቤትን የማውቀው በደጁ ሳልፍ ነው፤ ቀይ ግን አይጠፋኝም። ዓመቱን ሙሉ ስክሪኑ በርበሬ የተሰጣበት ጓሮ መስሎ ከረመ።

አንድ ቀን «ከማርቆስ መሐንዲስ ትመጣለች፤ አዲስ ፓምፕ ለየትኛው ሠፈር እንደሚገባ ትወስናለች» ተባለ። ፓምፑ አንድ፣ ፈላጊው ሦስት ሠፈር። ሴቶቻችን ጀሪካን አዝለው ገደል ከመውረድ የሚገላገሉት እሱ ከመጣ ብቻ ነው። ደጁን ጠረግሁ፣ ቄጠማ ጎዘጎዝሁ። ወደ ውስጥ ስገባ ያ ቀይ አፈጠጠብኝ። አፈርሁ።

የኮምፒውተሩን ባለሙያ ይበልጣልን ጠራሁት።

«እንግዳ በዚህ ላይ ልታስገባ ነው? ጥረግልኝ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ መዝገብ ነው።»

«እናትህ ቤት እንግዳ ሲመጣ አመዱ አይጠረግም?»

እናቱን ሳነሳበት ተረታ። «እሺ፣ የዚህን ሳምንት ብቻ» አለና ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ ይጽፍ ጀመር። ኋላ እንደነገረኝ መዝገቡ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ማየት ብቻ የሚፈቅድ፣ ሌላው እንደ ባለቤት ያሻህን የምታደርግበት። ይበልጣል ሁልጊዜ በባለቤቱ በር ነው የሚገባ፤ ይቀለዋላ! ሳይነኩ በፊት ቅጂ ማስቀመጥም ደንብ ነበር። አላስቀመጠም። ይባስ ብሎ «የዚህ ሳምንት» የምትለዋን ነገር መጻፍ ረሳ።

የዓመቱ ቀይ በአንድ ትንፋሽ ጠፋ። ይበልጣል አመድ መሰለ። እኔ አጨበጨብሁ።

መሐንዲሷ መጣች። ያ ከሃዲ ፓምፕ፣ እንግዳ እንዳየ በሽተኛ ከእንቅልፉ ተነስቶ ውሃውን ያንዶለዱለው ጀመር! እሷ ማየት ብቻ በሚፈቅደው በር ገብታ መዝገቡን አገላበጠች።

«የእናንተ ፓምፕ እኮ አንድም ቀን አልቆመም» አለች።

«የኔ እመቤት፣ ዓመቱን ተኝቶ ነው የከረመ! ሴቶቹን ጠይቂያቸው።»

«ጋሼ፣ ሦስቱም ሠፈር የሚለኝ ይኼንኑ ነው። እኔ የማምነው መዝገቡን ነው።»

ጨነቀኝ። «ቀዩን ያስጠረግሁት እኔ ነኝ!» አልኋት።

ሳቀች። ለካ ገና ስትመጣ «ዘበኛው ቀልደኛ ነው፣ ያስቅሻል» ብለዋት ኖሯል። ይበልጣል መሬት መሬቱን እያየ «እውነቱን ነው» ቢላት፣ ለሠፈሩ አዝኖ የሚዋሽ መሰላት። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ያመነኝ አገር፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር ሳቀብኝ።

ፓምፑ ለማዶ ሠፈር ተሰጠ። የእኛው በማግሥቱ ተኛ። ይበልጣል አሁን በማየቱ በር ብቻ ነው የሚገባ፤ መዝገቡም እንደገና እየቀላ ነው፤ መሐንዲሷ ግን አልተመለሰችም።

ባለቤቴ ማታ ማታ ጀሪካኗን አዝላ ከገደሉ ትወጣለች። ደጁን ጠርጌ እጠብቃታለሁ። አውርዳው ወገቧን ይዛ ዙሪያውን ታያለች።

«ደጁማ ተጠርጓል» ትለኛለች።