ጭቃ ያልነካው ጭቃ ሹም

የትም ሂዱ፣ የፈለጋችሁት ሰፈር ግቡ፣ መኪናውን ለማይሄድበት አገር የሚያዘጋጅ አንድ ሰው አታጡም። ሰውየው ወንዝ አይሻገርም፤ መኪናው ግን ዋና ተምሯል። ተራራ አይወጣም፤ ጎማው ግን ጥርሱን አግጥጦ ተራራ ይጠብቃል። ጉዞው ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ በመሐል ዳቦ ቤት ጋ ቆም ነው። የሰፈራችሁን ሰው አሁን በዓይነ ሕሊናችሁ ካያችሁት የእኛንም አወቃችሁት ማለት ነው።

የእኛው ክቡር ጭቃ ሹም ይባላሉ። ሹመቱን የሰጠናቸው እኛ የግቢው ነዋሪዎች ነን፤ እርሳቸውም ሳያቅማሙ ተቀብለዋል። ከዚህ በኋላ ግን አንቱታውን ብተወው ይሻላል፤ የግድግዳ ጎረቤቴ ነው፣ ሲያስነጥስ ይማርህ የምለው ከአልጋዬ ሳልወርድ ነው።

ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ቀኑን ሙሉ በአጉሊ መነጽር እያየ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነገር ሲሞርድ ይውላል። ለዚህ ይሆናል ከሥራ ሲወጣ ትልቅ ነገር የሚያምረው። መኪናው ሲገዛ እንደማንኛውም ፎር ባይ ፎር ነበር። መጀመሪያ ሞላውን ቀየረና ከፍ አደረገው። ከፍ ያለ መኪና በትንሽ ጎማ አያምርም ብሎ ጎማውን ለወጠ። ትልቁ ጎማ ከጭቃ መከላከያው ጋር ሲፋተግበት መከላከያውን አስቆረጠ። ከፊት እንደ ቀንድ የወጣ ብረት አስበየደ፤ ብረቱ ላይ መኪናው ቢሰምጥ በገመድ ራሱን የሚጎትትበት ዊንች አስቀመጠ። ከጎኑ ደግሞ ወደ ሰማይ የሚወጣ ቧንቧ አለው።

"ይሄ ቧንቧ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ውሃ ኮፈኑ ድረስ ቢደርስ ሞተሩ በዚህ ይተነፍሳል። ለክፉ ቀን ነው!"

መኪናው እስካሁን ያየው ጥልቅ ውሃ የላቫጆው ነው። ቀለሙንም ከነጭ ወደ ደብዛዛ ግራጫ ያስቀየረው ጭቃ አያሳይም በሚል ነው። "የቱን ጭቃ?" ብዬ ብጠይቀው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ያቆረ ውሃ ሲያይ ዞሮ ያልፋል። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲደርስ ቆሞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ያያል። እሑድ እሑድ በጎማው ጥርስና ጥርስ መካከል የገባውን ጠጠር ከሥራ ቦታው ባመጣው ትንሽ ብሩሽ እየጎረጎረ ያወጣል። እንዲህ ከሆነ አስፋልት አይበቃህም ወይ ብሎ የሚከራከረው ሰው ቢመጣ ደረቱን ነፍቶ፣ "ወንድሜ፣ መንገድ ካለማ ማንም ይነዳል!" ይለዋል።

ሚስቱ መምህርት ናት፤ ትዕግሥቷን ከክፍል ይዛ ነው የምትመጣው። አንድ ቀን የዳቦ ዘንቢል ይዛ መኪናው ላይ ለመውጣት ስትንጠላጠል አገኘኋት። "ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ አገባሁት" አለችኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጭቃ ሹም አዲስ ፖርቶመጋላ ጣሪያው ላይ አስገጥሞ፣ በላዩም መብራት ደርድሮ መጣ። መኪናው የግቢው በር ላይ ቀጥ አለ። ከበሩ በላይ የሚያልፈው አግዳሚ ብረት መብራቶቹን አላሳልፍ ብሏል። ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ወጣና በዓይኑ ለካ።

"ሁለት ጣት ነው የሚተርፈው" አለ።

"ፖርቶመጋላውን አውርደዋ!" አለች ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ።

"ለክፉ ቀን ነው እኮ!"

"ታዲያ ውጭ ይደር።"

"ይቧጨራል!"

መምህሩ አገጩን ሲያሽ ቆየና፣ "ነፋስ ብንቀንስለትስ?" አለ። አራታችን አራት ጎማ ይዘን ነፋሱን ለቀቅነው። መኪናው እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠና በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ። በሳቅ ሞትን።

የአንድ ቀን ጨዋታ መስሎን ነበር። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ግን ክላክስ ተነፋ፤ ወጣን። በሦስተኛው ቀን ማንም አልጠራንም፣ በራችን ላይ ቆመን ጠበቅነው። መምህሩ የፊት ግራውን፣ ልብስ ሰፊዋ የፊት ቀኙን፣ እኔ የኋላ ግራውን፣ ጭቃ ሹም ራሱ የኋላ ቀኙን ይይዛል። ነፋሱ እስኪወጣ ቁጢጥ ብለን እናወራለን። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ፣ የማን ኪራይ እንደጨመረ የምሰማው የኋላ ግራው ጎማ ሥር ነው። ጠዋት ደግሞ ሰውየው ከበሩ ከወጣ በኋላ ደጅ ቆሞ በኮምፕሬሰር መልሶ ይነፋቸዋል። የሚቀሰቅስ ሰዓት መግዛት ከተውን ቆይተናል።

እንዲህ እየተባለ ሳለ ክፉው ቀን የምር መጣ።

የሚስቱ እናት ከከተማው ዳር፣ አስፋልቱ አልቆ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ወረድ ብለው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። ስንት ደጅ ተጠንቶ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተገኘ፤ ካመለጣቸው እንደገና ከወረፋው ጭራ ነው። ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። የታክሲ ሾፌሮቹ የአካባቢውን ስም ሲሰሙ ስልኩን ይዘጋሉ።

ሚስቱ ጎማ ስናስተነፍስ መጥታ በላያችን ቆመች።

"እኔ ነገ በጠዋት ሐኪም ቤት ሄጄ ተራ እይዛለሁ። አንተ እናቴን ታመጣለህ። ካላመጣህ መኪናው ይሸጣል። ለክፉ ቀን ብለህ አልነበር? ይኸው፣ መጣልህ!"

ጭቃ ሹም ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። እኔን ለገመድ ሳቢነት መረጠኝ።

በማግስቱ ጠዋት እያካፋ፣ በቀን ብርሃን መብራቱን ሁሉ አብርቶ ነዳ። መንገዱን ሙሉ ዊንቹ እንዴት እንደሚጎትት፣ ማርሹ መቼ እንደሚከብድ አስተማረኝ። አስፋልቱ አለቀ። ፊት ለፊታችን እንደ ሊጥ የላላ ጭቃ ቁልቁል ተዘርግቷል፤ ከታች የእናትየው ቤት ይታያል። መኪናውን አቆመ። ወረደ። ጎማዎቹን በየተራ ረገጠ። ወደ ጭቃው ሄደ፤ ተመለሰ።

"ምን እንጠብቃለን?" አልኩት።

"እውነቱን ልንገርህ?" አለኝ፣ የሚሰማን ሰው ያለ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጭቃ ላይ ነድቼ አላውቅም።"

"እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።"

"ብንሰምጥ ለመኪናው አይደለም የምፈራው። መኪና ይጎተታል። ቀጠሯቸው ግን ያልፋል። በእኔ ጨዋታ ዓይናቸው ይጥፋ?"

ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠበቀው! መኪናውን ለዚህች ቁልቁለት ሲያስጌጥ ኖሮ፣ ስትመጣ ደግሞ ለአንዲት አሮጊት ዓይን ብሎ ተዋት። አንጀቴን በላው።

ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ። "መንገድ ካለማ ማንም ይነዳል" አለ፣ ለራሱ ይመስላል፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ በእግሩ ወረደ። እኔም ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ በቂጤ ተቀመጥኩና የቀረውን ተንሸራትቼ ደረስኩ።

እናትየው ለባብሰው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"መኪናው የታለ?"

"ከላይ ቆሟል፣ እማማ። ይታዘሉኝ።"

"እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ልታዘል?"

"እኔ ነኝ እኮ የምሸከመው፣ ምን አስጨነቀዎት?"

ታዘሉ። እሱ ጭቃውን እየረገጠ፣ እየሰመጠ፣ እግሩን እየነቀለ አቀበቱን ተያያዘው። እኔ ከኋላ ቦርሳቸውን አንጠልጥዬ ጃንጥላውን ዘርግቼላቸዋለሁ። መሐል ላይ ሲደርሱ እናትየው ጎንበስ ብለው በጆሮው፣ "አንተ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ጀርባ እያለህ መኪና ምን ይሠራልሃል?" አሉት። ሊስቅ ሲል ሊወድቁ ነበር።

መኪናው ጋ ደረስን። እናትየው ከጀርባው ወርደው በእጃቸው ዳበሱ። ጎማውን አገኙ፤ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ አሁንም ጎማ ነው።

"በሩስ?"

"ከዚህ በላይ ነው፣ እማማ።"

"ምነው ልጄ፣ ሰገነት ነው እንዴ?"

ጭቃ ሹም ጭቃው ላይ በአራት እግሩ ተንበረከከ። እናትየው በእኔ ትከሻ ተደግፈው፣ ጀርባውን ረግጠው ገቡ። ያን ሁሉ ዕቃ ገጥሞ ያን ቀን የሠራለት የራሱ ጀርባ ብቻ ነው።

ሐኪም ቤት በሰዓቱ ደረስን። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር። መኪናውን አየች፤ እንደ መስታወት ያበራል። ባሏን አየች፤ ከእግር ጥፍሩ እስከ ጆሮው ጭቃ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባት። በሻርፗ ጆሮውን ጠረገችለትና እናቷን ይዛ ገባች። የሽያጭ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሣም።

ሕክምናው ሠመረ። እናትየው ፋሻው ሲፈታላቸው እስኪያገግሙ ልጃቸው ቤት ሊሰነብቱ መጡ። መኪናውን ግቢው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ አዩት። ከላይ እስከ ታች ቃኙትና፣ "ጀርባህ ይሻላል" አሉ።

በዚያው ሰሞን ጭቃ ሹም ማንም ሳይነግረው መካኒክ ጋ ሄዶ ሞላውን ወደ ጥንቱ አስመለሰ፤ እማማ እንዲገቡበት ነው። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ሦስታችን እንደ ልማዳችን በር ላይ ቆመን ነበር። መኪናው መጣ፤ ዝቅ ብሏል፤ ሳይቆም በበሩ ሥር አለፈ። "ደህና አምሹ!" አለና ገባ። እኛም፣ "በል ደህና እደር" አልን። ልብስ ሰፊዋ መሬቱን አየች፤ መምህሩ ኪሱን ዳበሰ። እኔ እውነቱን ለመናገር ሆድ ባሰኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ "ምነው ዛሬ ቶሎ መጣህ?" ብላ ጠየቀችኝ። የመምህሩ ልጅ ሥራ መግባቱን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ከዳቦ ሻጭ።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። አንድ አመሻሽ ላይ ግን ክላክስ ተነፋ። ነጠላ ጫማዬን እያጠለቅሁ ሮጥኩ። መኪናው በሩ ላይ ቀጥ ብሏል። ፖርቶመጋላው ላይ፣ ከመብራቶቹም በላይ፣ የተጠቀለለ ሸራ ታስሯል።

"ጥላ ነው" አለ ጭቃ ሹም፣ ዓይናችንን ሳያይ። "ለእማማ። ፀሐይ አይንካዎት ብሏቸዋል ሐኪሙ። ደጅ ሲቀመጡ ይዘረጋላቸዋል።"

መምህሩ በዓይኑ ለካ። "ሁለት ጣት" አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታው ይሰማ ነበር።

ሸራው ጎኑ ላይ ቢታሰር ኖሮ መኪናው ያለ ችግር ያልፍ ነበር። ይህን መምህሩ ያውቃል፣ ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች፣ ለጥርስ የፀጉር ያህል ክፍተት የሚለካው ሰውዬም በደንብ አድርጎ ያውቃል። ሁላችንም ወደየጎማችን ሄድን።

እማማ ከመኪናው ውስጥ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ "ምን ቆመን እንጠብቃለን?" አሉ።

"ጎረቤት ነው፣ እማማ" አላቸው ጭቃ ሹም።

እኔ ያን ጊዜ የኋላ ግራው ጎማ ሥር ቁጢጥ ብዬ ነፋሱን መልቀቅ ጀምሬ ነበር።