ብሎን ሲጠብቅ ይተቃቀፋሉ

ሜትር ኪሱ ውስጥ እያለ በዓይኑ የሚለካ ብረት ሠሪ የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። ለደሴው ሰኞ ገበያ ሰፈር የደረሰው ሞላልኝ ነው። በማዕረጉ እንጥራው ከተባለ፣ ሊቀ ጠበብት ዘቀዳዳ ሞላልኝ!

ሳዲቅ እኒህን ሊቅ ያገኘው በክፉ ቀኑ ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ እሁድ ኒካሁ ነው። የሙሽራዋ አክስቶች ደግሞ በዕለቱ ጠዋት መጥተን አልጋ ሳናነጥፍ ልጅ አንሰጥም ብለዋል። እና የብረት አልጋ አዘዘ።

ሞላልኝ ብረቱን ከመብሻ ማሽኑ፣ ከትራፓኖው ሥር ሲደቅነው ሳዲቅ ሰጋ። "በጠመኔ እንኳ ምልክት አታደርግበትም?"

"ዓይኔ እያለ?"

የትራፓኖው ሹል መብሻ፣ ፑንታው፣ ልሙጡ ብረት ላይ ተንሸራተተ፣ ዞረ፣ ያሻው ቦታ ገባ። የጎረቤቱ ብረት ሠሪ ከሊድ አላስችል አለው። "ኧረ ሁለቱን ብረት ደራርበህ እሰርና አንድ ላይ ብሳቸው!"

"ሙሽራው እንኳ ኒካህ ሳያስር እነሱን ልሰራቸው?" ብሎ ሳቀ ሞላልኝ።

ቀዳዳዎቹ ሲገናኙ አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል። ጥፋቱ የማን ነው? የመብራቱ፣ የብረቱ፣ የሳዲቅ ጥድፊያ። የሞላልኝ ግን በፍጹም አይደለም። "አይዞህ፣ ብሎን ሲጠብቅ ይተቃቀፋሉ" አለው። ይህን ቃል ያልሰማ የሰፈሩ በር የለም፤ አንዱም ደህና አይዘጋም።

እሁድ ጠዋት ኮምቦልቻ ላይ አልጋው አልገጥም አለ። ሳዲቅ ብሎኑን ገፋው፣ መታው፣ ለመነው። አክስቶቹ ፍራሹን ይዘው ደጅ ቆመዋል። "ያ ረቢ! ሞላልኝ፣ አላህ ይይልህ!" አለ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

በዚህ መሀል ባጃጅ ደጁ ላይ ቆመ። ሞላልኝ ወረደ፤ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ብብቱ ሥር ክብ ሞረድ ሸጉጦ። ማን ጠራው? ማንም። ጉዱን ያውቃል ማለት ነው፣ ያ ዓይን! አክስቶቹን እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ፣ ኮቱን አውልቆ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ጣቱ እስኪደማ ቀዳዳዎቹን ሞረደ። ብሎኖቹ ገቡ።

"አላልኩህም? ተቃቀፉ!"

አልጋው ዛሬም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ሚስቱ ትህትና ግድግዳውን ሳትደገፍ አትተኛም። ዘንድሮ ለልጃቸው አልጋ ሲያስፈልግ ሳዲቅ ሽቅብ ወደ ደሴ ተነሳ።

"አብደሃል እንዴ? እዚሁ ስንት ለክቶ የሚበሳ እያለ!" አለችው።

"ለክቶ የሚበሳማ ሞልቷል" አላት። "ሳይጠሩት ሞረዱን ይዞ የሚመጣ የት አለ?"

ሲመለስ ግን፣ ለማንኛውም ብሎ፣ እሱም አንድ ክብ ሞረድ ገዝቶ መጣ።