ያልወለቀው ጫማ

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባል የለ? የተቀመጠም የቆመ ያለ አይመስለውም። ከሸዋ ተቀጥረን ሐረር የወረድን የቢሮ ሰዎች ወንበር አብሮን የተወለደ ይመስለን ነበር። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ «ነገ ተመለስ» የሚለው ሰው ሁልጊዜ ተቀምጦ ነው የሚናገረው።

አው ኡመር የጀጎል ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ፈረስ መጋላ ገበያ ሱቅ እንዲከፍት ፈቃድ ፈልገው የአለቃችን የአቶ ተሰማ በር ላይ ቆመው ከረሙ። አቶ ተሰማ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጧቸው አልፈው ይገባሉ። እኔ ጸሐፊያቸው ወንበሬን ልሰጥ ብድግ ስል በዓይናቸው ይመልሱኛል፤ እንደተቁነጠነጥሁ እውላለሁ። ኋላ አስታራቂዎች ገቡና አቶ ተሰማ አው ኡመር ቤት ምሳ በልተው ሊታረቁ፣ ፈቃዱንም ሊፈርሙ ተስማሙ። የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚሉት ጣጣ እንዳይነሳ ምሳው ያለ ሥጋ ተሰናዳ።

የሐረር ቤት በጫማ አይገባም። እኛ ሁላችን አውልቀን ገባን። አቶ ተሰማ ግን ደጃፉ ላይ ደርሰው ቆሙ። አውልቁ ቢባሉ፣ ቢለመኑ፣ እምቢ። ላብ አጠመቃቸው። ልጁ፣ አባቴን ሲያቆም ከርሞ አሁን ደግሞ ቤታችንን በጫማው ሊረግጥ ነው ብሎ ፊቱን አዞረ። አስታራቂዎቹም አጉረመረሙ፤ ዕርቁም ሱቁም እዚያው ደጃፍ ላይ ሊቀር ሆነ። እኔም አንዴ ወደ ውስጥ አንዴ ወደ ውጭ እላለሁ፤ በአለቃዬ አፍሬያለሁ።

አው ኡመር የእንግዳቸውን ፊት ትክ ብለው አዩ። ከዚያ ምንጣፍ አስይዘው ወጡና ግቢው ውስጥ አስነጠፉ።

«ወላሂ፣ በር ላይ መቆም እንዴት እንደሚያደክም አውቃለሁ» አሉ። «ና ልጄ፣ እዚሁ እንቀመጥ።»

ምሳው ውጭ ተበላ፤ ዕርቁም ወረደ።

ስንመለስ አቶ ተሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ካልሲያቸው ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቶ እንደነበር ነገሩኝ። ሚስታቸው አዲስ አበባ ናቸው፤ ጫማውን ሊስትሮ ያበራዋል፣ ካልሲውን ማን ያየዋል? ያን ጊዜ ገባኝ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳይገቡ ከዛፍ ሥር ቆመው ሲያስቀድሱ እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው እንል ነበር። ያው ቀዳዳ እዚያ ትሑት፣ እዚህ ትዕቢተኛ አሰኛቸው።

ፈቃዱ ተፈረመ። ሱቁ ሲከፈት የመጀመሪያው ገዢ አቶ ተሰማ ሆኑ፤ የገዙትም ካልሲ ነው።

ትናንት ከኤረር በር በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት ገበሬ ከበራችን ቆመው ዋሉ። ለባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር ብናስገባስ ብዬ አለቃዬን ጠየቅሁ። ቦታ ያጣብባል አሉኝ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግተው።

አዲሱ ካልሲያቸው ያምራል።