ክብርት ኬላ እና ስድስቱ ቁጥሮች

አክስት የሌለው ቤተሰብ የለም። ቢገኝም ከጎረቤት ይዋሳል። አክስቶችም ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ባዩን ቁጥር «ከሳህ» የሚሉ አሉ፣ ባዩን ቁጥር «መቼ ነው የምታገባው?» የሚሉ አሉ። ዘንድሮ ደግሞ አንድ አዲስ ዓይነት ተጨምሯል፤ ስልክ ይዛ ዓለምን በሙሉ የምትጠረጥር አክስት። እሷ ስልክ አታነሳም፤ ምርመራ ትከፍታለች።

ይህ ወሬ ስለ አንዷ ነው። በእሳቸው በኩል ሳይፈተሽ የሚያልፍ ስለሌለ ቤተሰቡ በሌሉበት «ኬላ» ይላቸዋል። እኛ ግን ማዕረግ ይገባቸዋልና ክብርት ኬላ እንላቸዋለን።

ክብርት ኬላ ሲወለዱ እንዲህ አልነበሩም። እንዲህ ያደረገቻቸው የእህታቸው ልጅ ናት፤ በአንድ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ የሆነችው። ከዓመት በፊት የአክስቷ ጎረቤት፣ አንዲት የተከበሩ ጡረተኛ መምህርት፣ በስልካቸው የመጣላቸውን የሚስጥር ቁጥር ለማያውቁት ሰው ነገሩና የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው በሌባ እጅ ወደቀ። ስለ ሰው ቁመና አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቷቸው የማያውቁት ሴት፣ በስማቸውና በፎቷቸው ለሰፈሩ ሁሉ የቦርጭ ማጥፊያ ክኒን ሲያስተዋውቁ ሦስት ሳምንት ቆዩ። ሁለት ጎረቤቶች እስከ ዛሬ ሰላም አይሏቸውም። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ደነገጠችና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አክስቷን አስቀምጣ አስተማረቻቸው።

«ቁጥር ሲመጣልሽ ለማንም አትስጪ።»

«ለማንም?»

«ለማንም።»

«ለአንቺስ?»

«ለእኔም ቢሆን። እኔ ነኝ ብሎ የሚደውል ሌባ ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ ድምፅ ሳይቀር ያስመስላሉ።»

ክብርት ኬላ በጥሞና ሰሙ። ደግመውም አስነገሯት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ከልኩ በላይ እሺ ያለውን ማን እንደሚመክረው ግን የነገረን የለም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቤተሰቡ ሰላም አላገኘም። መጀመሪያ ከክሊኒኩ ፕላስተር አስመጥተው የስልካቸውን ካሜራ ከፊትም ከኋላም አሸጉት። በቪዲዮ የደወለላቸው ሰው የሚያየው ጨለማ ብቻ ነው። «እትዬ፣ አትታዪም እኮ» ሲሏቸው፣ «እናንተ ትታዩኛላችሁ፤ ይበቃል» ይላሉ። «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» ከምትለው ሴትዮ ጋርም ተጣልተዋል፤ ማን ጠይቋት ነው በሰው ጥሪ መሐል የምትገባው ብለው።

ቀጥሎ ጥያቄ መጣ። የደዋዩ ስም ስልካቸው ላይ ተጽፎ ቢታይም ባይታይም፣ ከሰላምታ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። መልሱንም ከእሳቸውና ከተጠያቂው በቀር ሰው ማወቅ የለበትም። ሹፌር የሆነው የወንድማቸው ልጅ አንድ ቀን እጁ መሪ ላይ ስለነበረ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ለቆ ደወለላቸው፤ አለቃው ከኋላ ተቀምጠዋል።

«አምስተኛ ክፍል ምን ወደቅክ?»

«ኧረ እትዬ፣ ምንም አልወደቅኩም!»

«እንግዲያው የእኛ ልጅ አይደለህም፤ ቻው።»

«ሒሳብ! ሒሳብ!»

«ስንት አመጣህ?»

«ሠላሳ አንድ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጎሽ የኔ ልጅ። ደህና ነህ?»

ታላቅ ወንድማቸው ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «የአባባን ሬዲዮ የሰበረው ማን ነው?» ተብለው ተጠየቁ። እሳቸውም ለአርባ ዓመት ሲሉት የኖሩትን «ድመቷ ናት» አሉ። ስልኩ ጆሯቸው ላይ ተዘጋ። ሦስት ጊዜ ደወሉ፣ ሦስት ጊዜ ተዘጋባቸው። በአራተኛው ተናዘዙ። ድመቷ ከሞተች ቆይታለችና ይቅርታውን የሚቀበል አልተገኘም።

ስለ ክብርት ኬላ ጉልበትም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም። ዘመድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሠርግ ደግሶ ቢጠራቸው «መሬት ስትወርዱ ጥሩኝ» ብለው ቀርተዋል። ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ሱቅ ያለችው መንገድ ለእሳቸው ረጅም ጉዞ ናት፤ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ያርፋሉ።

ጉድ የፈላው አንድ ሐሙስ ነው። ልጅቱ ስድስት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ካጎነበሰች በኋላ ለሁለት ዓመት ከፍተኛ ሥልጠና ማመልከቻ ጀምራ ነበር። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ አይቀበሉም፤ እሷ ደግሞ በመጪው ወር ሠላሳ ስድስት ይሞላታል። ዘንድሮ ካመለጣት አመለጣት። ምዝገባው የሚዘጋው የዚያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ስትጠብቀው የነበረው የመጨረሻ ማስረጃ እጇ የገባው ከምሳ በኋላ ነው። ወደ ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ሮጣ የመዝገብ ቤቱን ኮምፒውተር ለመነች። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ቁመቱ ጣራ የሚነካ፣ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ደግ ሰው፣ ወንበሩን ለቀቀላት።

አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ «ላክ» የሚለውን ልትጫን ስትል መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ድረ ገጹ አላውቅሽም አላት። «ማንነትዎን ለማረጋገጥ በ47 ወደሚያልቀው ስልክ ኮድ እንልካለን። ኮዱ የሚያገለግለው ለአምስት ደቂቃ ነው። የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው» ይላል። በ47 የሚያልቀው ስልክ የእሷ አይደለም። ከሁለት ወር በፊት ማመልከቻውን ስትጀምር ስልኳ ጥገና ቤት ስለነበረ ያስገባችው የአክስቷን ቁጥር ነበር። የመጀመሪያውን ኮድ አስልካ ደወለች።

«ሃሎ።»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ፤ ቶሎ…»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም። በሰባት ዓመትሽ ጠፍተሽ ሰፈሩ ሁሉ ሲፈልግሽ የት አገኘሁሽ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ!»

«ምን ስትሠሪ?»

«ስኳር ስበላ! እትዬ በናትሽ…»

«እሺ ልጄ፣ ደህና ዋልሽ?»

ልጅቱ ተነፈሰች። «እትዬ፣ አሁን ስድስት ቁጥር መጥቶልሻል። አንብቢልኝ።»

አክስቷ መልእክቱን ከፍተው አነበቡ።

«ለማንም አይስጡ ይላል» አሉ ክብርት ኬላ።

«አውቃለሁ፤ ግን እኔ ነኝ እኮ!»

«እኔ ነኝ የሚል ሰው ይደውላል ብላ የእህቴ ልጅ ነግራኛለች።»

«እኔ ነኝ የነገርኩሽ!»

«እንደዚህ እንደሚሉም ነግራኛለች።»

ለመነች፣ ማለች፣ ተገዘተች። ክብርት ኬላ ወይ ፍንክች! አምስቱ ደቂቃ አለቀ፤ የመጀመሪያው ኮድ ሞተ። ሁለተኛውን አስልካ እንደገና ደወለች። አሁን ድምፅዋ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አንጀቱ አልችል አለና ስልኩን ተቀበላት።

«እናቴ፣ ቁጥሩን ይስጧት። ሰዓት የለንም!» አለ በዚያ ድምፁ።

በወዲያኛው በኩል ትንፋሽ ሲቋረጥ ተሰማ። «ማነህ አንተ?» አሉና ስልኩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ልጅቱ በደወለች ቁጥር የምታነሳው ያቺ ጥሪ አይቀበሉም የምትለው ሴትዮ ብቻ ሆነች። ሁለተኛውም ኮድ ሞተ።

አንድ ቀረ። ሦስተኛውን የሚያነብላት ሳታገኝ ብታስልከው እሱም ይሞታል፤ ባታስልከውም ሰዓቱ አይቆምም። አሥር ከአርባ ሆነ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ «ለከርሞ…» ብሎ ጀመረና የልደቷን ቀን አስታውሶ ቃሉን ዋጠው። ልጅቱ ግንባሯን የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ደፍታ አለቀሰች። ያበሳጫት አክስቷ አልነበሩም፤ ያበሳጫት የዚያ ቅዳሜ አስተማሪ ናት። በዓለም ላይ አንድ ሰው የነገረችውን ሁሉ ሰምቶ ቢተገብር፣ እሱም በእሷ ላይ ሆነ።

አሥር ከሃምሳ ሁለት ላይ ከደረጃው በኩል የጥበቃው ጩኸት ተሰማ። «እማማ! ሦስተኛ ፎቅ ናት አልኩ እንጂ ሳይፈተሹ ይግቡ አላልኩም! እማማ!» በሩ ተበረገደ። ክብርት ኬላ ቆመዋል። በባጃጅ ሲከንፉ ሻሻቸው ወደ ጆሮ ዞሯል፣ አንድ እግራቸው ላይ ጫማ፣ አንዱ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ አለ፣ ከቦርሳቸው አፍ ደግሞ የወጥ ቤታቸው ዘነዘና ብቅ ብሏል።

«የታለ?» አሉ እያለከለኩ።

«ማን?»

«ሰውየው!»

«እኔ ነኝ እናቴ፣ ቅድም ያናገርኩዎት» አለ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ በትህትና እጁን አውጥቶ። ዘነዘናው ከቦርሳው ወጣ። ልጅቱ ዘላ መሐል ባትገባ ኖሮ፣ መዝገብ ቤቱ የዚያን ቀን ያለ ኃላፊ ይቀር ነበር።

«እትዬ! የሥራ ባልደረባዬ ነው! ማንም አልነካኝም!»

ክብርት ኬላ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ግራና ቀኙን መረመሩ፤ አንገቷን አዩ፣ እጆቿን ገለበጡ። ከዚያ ዘነዘናውን ጠረጴዛው ሥር አስቀመጡና ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «በይ፣ ያንን ቁጥርሽን አምጪው» አሉ።

ልጅቱ የመጨረሻውን ዕድል ተጫነች። ሦስቱም ስልኩ ላይ አፈጠጡ። መልእክቱ አልመጣም። አሥር ከሃምሳ አምስት ሆነ። ክብርት ኬላ ስልኩን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ያዙት። አሥር ከሃምሳ ስድስት ላይ ጢን አለ።

«ዙሩ» አሉ ክብርት ኬላ።

«እትዬ!»

«ስከፍተው አይታይም። ዙሩ!»

ዞሩ። ስልኩ ተከፈተ። ከዚያ ክብርት ኬላ የእህታቸውን ልጅ ወደ ራሳቸው ስበው፣ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እንዳይሰማ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጆሮዋ ሹክ አሏት። አሥራ አንድ ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ልጅቱ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግማ ሳቀች።

ደረጃውን ሲወርዱ በየሦስት እርምጃው ያርፉ ነበር፤ ሲወጡ ግን አንድ ጊዜም እንዳላረፉ ጥበቃው መስክሯል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልጅቱ ጠየቀቻቸው።

«እውነት ግን እትዬ፣ ድምፄን አላወቅሽውም?»

«ገና ሃሎ ስትዪ ነው ያወቅኩሽ። ያሳደግኩሽን ልጅ?»

«ታዲያ ለምን ከለከልሽኝ?»

«መጀመሪያ የከለከልኩሽ አንቺው ስላልሽኝ ነዋ። ኋላ ግን ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ፣ ቀጥሎም ያ ወፍራም ድምፅ ሰዓት የለንም ሲል ሰማሁ። ልጄን አስገድደዋታል አልኩ። ቁጥሩን ብነግረው ይለቅሻል እንዴ? አይለቅሽም። እኔ ብመጣ ግን ይለቅሻል።»

ዓለም ሁሉ ጠንካራ የይለፍ ቃል ሲፈልግ ይውላል፤ ልጅቱ ግን የምትጠበቀው በአንድ የታመመ ጉልበትና በአንድ ዘነዘና ነው። ክንዳቸውን ይዛ ቀስ ብላ አወረደቻቸው።

በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ደወለች። ስሟም ቁጥሯም እዚያው ስልካቸው ላይ ተጽፎ ይታያል።

«ሃሎ። ማን ነሽ?»

«ጠይቂኝ» አለች፣ መንገዱ ዳር ቆማ።

«ትናንት ምን ረሳሁ?»

«ዘነዘናሽን። መዝገብ ቤት፣ ጠረጴዛው ሥር።»

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ ክብርት ኬላ። «እዚያው ይቀመጥ፤ እንዲህ ደረጃ በበዛበት ቤት ውስጥ እየሠራሽ ደግሞ አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል። አንቺስ፣ ደህና ዋልሽ?»